ማስረጃ ያልተገኘለት አባት

እኔ የምለው፣ ልጅ አምስተኛ ክፍል ሲገባ ወላጅን ቁጭ አድርጎ የሚመክር ሰው ለምን የለም? ዩኒፎርሙን ይነግሩናል። የደብተሩን ዓይነት ይነግሩናል። ምሳ ዕቃው ወጥ እንዳያፈስ ይነግሩናል። ቤታችን ውስጥ ሊመጣ ስላለው ነገር ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

እስከ አራተኛ ክፍል ኑሮ ቀላል ነው። ልጃችሁ "ይሄ ምንድን ነው?" ትላለች፣ ትነግሯታላችሁ፣ ታምናችኋለች። ብትሳሳቱም ታምናችኋለች። አምስተኛ ክፍል ስትገባ ግን መጀመሪያ "በር ላይ አትሳሚኝ፣ ልጆቹ ያያሉ" የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ቀጥሎ ለየትምህርቱ የተለያየ አስተማሪ ይመጣል፤ እናንተ የምታውቁት ሒሳብ ሁሉ "አሁን እንደዛ አይሠራም" ይባላል። ከዚያ ደግሞ ትልቁ ይመጣል። እኛ ቤት የመጣው "በምን ማስረጃ?" የሚባለው ነው።

ቀዝቃዛ ውሃ አትጠጪ፣ ጉሮሮሽን ያምሻል እላታለሁ። በምን ማስረጃ? ተኚ፣ መሽቷል እላታለሁ። ለማን ነው የመሸው? ወላሂ፣ አንዳንድ ቀን ጠበቃ ይዤ ቤቴ ብገባ ይሻለኛል።

ልጃችን ሀያት ትባላለች፤ አንድ ናት። እኔ መካኒሳ አቦ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ውስጥ መጋረጃ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ነስሩ ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ሰሞኑን ለቡ አካባቢ ከሚሠሩት ፎቆች አንዱ ላይ ነው ውሎው። የምንኖረው ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ነው። ነስሩ ሀያት ሳትነሳ ይወጣል፣ ደክሞት ይመጣል፣ ዜና እያየ ያንቀላፋል። ክፉ ነገር የለበትም። ደግሞ ሲጠፋም ሲኖርም ድምፅ የለውም።

ሀያት ይህን ከሱ ወስዳለች መሰለኝ። ቤት ውስጥ እኔን በማስረጃ የምታስጨንቀኝ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ስትደርስ አፏ ይዘጋል። አራተኛ ክፍል እያለች ስም ሲጠራ "አቤት" የምትለው ለራሷ ብቻ እንዲሰማ አድርጋ ስለነበር፣ ፊት ለፊት ተቀምጣ ቀሪ ተብላ ታውቃለች። መልሱን ታውቀዋለች። ጽፋ ታስረክባለች። ቁሚና ተናገሪ ሲሏት ግን ጫማዋን ማየት ትጀምራለች።

እንግዲህ ይህች ልጅ ናት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ የገባችው። የአማርኛ አስተማሪዋ ቲቸር ሰናይት ክርክር አዘጋጅታለች። በወላጆች ቀን፣ በማይክራፎን፣ በወላጆች ፊት። ርዕሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "ለልጅ የሚበልጠው እናት ነው ወይስ አባት?" አዎ፣ እኛም ተማሪ ሳለን የተከራከርንበት ነው፤ እስካሁን አልተፈታም። ዕጣ ሲወጣ ለሀያት የአባት ወገን ደረሳት።

የእናት ወገን የደረሳት ናርዶስ የምትባል ልጅ ናት። ናርዶስን ብታዩዋት፣ ድምፅዋ የዜና አንባቢ ነው። ሰላም ስትላችሁ ራሱ ሰበር ዜና ይመስላችኋል።

የዚያኑ ዕለት ራት ቀርቦ እየበላን ሀያት አባቷን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣

"አባቢ፣ አንተ ላይ ማስረጃ አጣሁ" አለችው።

ነስሩ የጠቀለለውን ጉርሻ እንደያዘ የምን ማስረጃ እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው። በእናት በኩል ብትሆን ኖሮ የምትለው ብዙ እንደነበር፣ በሱ በኩል ግን "ይሠራል" ከሚለው ሌላ እንዳልመጣላት፣ እሱም ቢሆን እናትም ስለምትሠራ እንደማያዋጣ አስረዳችው። ክፋት የለባትም እኮ። የቤት ሥራዋን ነው የምትሠራው። እኔ ጣልቃ ገብቼ አባትሽ ስንት ነገር ያደርግልሻል አልኳት። "ለምሳሌ?" አለችኝ። ለምሳሌ ብዬ አፌን ከፈትኩ። እንደተከፈተ ቀረ። ነስሩ "እሺ" አለና ሳይጠግብ እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ የሰማሁት የልጄን "አይ፣ አይ፣ አባቢ ቀስ" የሚል ድምፅ ነው። ወጥቼ ሳይ ነስሩ ሥራ አርፍዶ ሊገባ ተነጋግሮ፣ ማበጠሪያ ይዞ ሀያትን እግሩ መሀል አስቀምጧታል። ፀጉሯን የሲሚንቶ ከረጢት አፍ እንደሚታሰር አድርጎ ግንባሯ ላይ አስሮታል። ላስተካክል ብዬ ስጠጋ በዓይኑ ከለከለኝ። እንደዚያው ሆና ሄደች።

በሌላው ቀን ፓስታ ሠራ። ውሃው ሳይሞቅ ፓስታውን ከተተውና ሄዶ ተቀመጠ። ያወጣው ነገር ገንፎ ነው ልላችሁ ስል ገንፎን መሳደብ እየመሰለኝ ተውኩት። በቀጣዩ ደግሞ የዩኒፎርሟን ቁልፍ ካልሰፋሁ አለ። መጋረጃ ሰፊ ቤት ውስጥ አለች፣ አስቡት። ቁልፉን ሰፋው። ኪሱንም አብሮ ሰፋው። ሀያት እስክሪብቶዋን ልትከት ስትታገል አይታችሁ ቢሆን።

በመጨረሻ ልጅቷ አዘነችለት መሰለኝ፣ እቅፉ ውስጥ ገብታ እውነቱን ነገረችው። "አባቢ፣ ይሄ አይቆጠርልህም። ለክርክሩ ብለህ ነው የምታደርገው። ቲቸር እንዲህ ዓይነቱን አትቀበልም።" ነስሩ ገባኝ አላት። በቃ፣ ተወው አልኩ በሆዴ። ነገ በጊዜው ወደ ለቡ ይሄዳል፣ እኔም ኩሽናዬን አገኛለሁ አልኩ። ጠዋት ስነሳ ግን ማበጠሪያውን ይዞ ተቀምጧል።

እኔ በበኩሌ ሌላ ጭንቀት ይዞኛል። የልጄ ድምፅ። ለልምምድ ሶፋው ላይ አቁሜያት እኔ የእናትን ወገን ወክዬ ልከራከራት አልኩ። መጀመሪያ ላይ ለሷ ብዬ ነበር። ስጀምረው ግን ምን እንደገባብኝ አላውቅም። ስለ እርግዝናው አነሳሁ። ስለ ክትባቱ አነሳሁ። ትኩሳት ይዟት በዝናብ ታክሲ አጥቼ አዝያት የሄድኩበትን አነሳሁ። ድምፄ ጎረቤት ድረስ ሄደ። ስጨርስ ልጄ ሶፋው ላይ ቆማ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ "ማሚ፣ አሸነፍሽ" አለችኝ። ምን ያደርግልኛል? አምስተኛ ክፍል ተማሪን አሸንፌ የት ልደርስ ነው?

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ቲቸር ሰናይት ጋ ሄድኩ። ልጄን ከክርክሩ አውጪልኝ፣ ዓይን አፋር ናት፣ ማይክራፎን ስትይዝ ትወድቃለች አልኳት። ቲቸር ሰናይት ልጅ እግር ናት፤ ግን የሰው ወላጅ ማስተናገድ የለመደች ናት። ወንበር ሰጠችኝ። በዚህ ዕድሜ ልጆች ብዙ ነገር እንደሚሞክሩ፣ አንዳንዱ እንደሚሳካ አንዳንዱ እንደማይሳካ፣ እኛ ቤት ውስጥ የምናየውን ልጅ እሷ ክፍል ውስጥ ገና ልታየው እየጠበቀች እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ፣

"ላወጣት እችላለሁ። ግን አንቺ እንዳስወጣሻት ታውቃለች። ያኔ ምን ትያታለሽ?" አለችኝ።

ምን እላታለሁ? ለሀያት ያለ ማስረጃ የሚነገር ነገር የለም። አመስግኜ ወጣሁ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ነስሩ የዒድ ሸሚዙን ለብሶ ከጎኔ ተቀምጧል። አዳራሹ ጢም ብሏል። ናርዶስ ቀድማ ወጣች። ምን ልበላችሁ፣ ያቺ ልጅ እናትን አነሳች፣ አነሳች፣ አነሳች። ያላለቀሰ አልነበረም። ስትጨርስ እናቶች ሁሉ እልልታውን አቀለጡት። ከሁሉም ጮክ ብሎ የተሰማውን እልልታ ያቀለጠችው ማን እንደሆነች ልንገራችሁ? እኔ ነኝ። የሌላኛዋ ተከራካሪ እናት መሆኔን ያስታወስኩት ነስሩ ዞር ብሎ ሲያየኝ ነው።

ከዚያ ሀያት ወጣች። ፀጉሯን አባቷ ነው የሠራላት። ማይክራፎኑ ከሷ በላይ ነበር። ቆመች። ጫማዋን አየች። ከኋላ አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ። ቲቸር ሰናይት መጥታ ትረዳታለች ብዬ ብጠብቅ ከቦታዋ አልተነሳችም። ነስሩ የሻሼን ጫፍ ጨምድዶ መያዙን አላወቀም፤ አንገቴን ሊያንቀኝ ነው። እኔ ዱዓዬን ጀምሬያለሁ።

ሀያት እጇን ዘርግታ ማይክራፎኑን ወደ ታች አወረደችው። ከዚያ ተናገረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን ተሰማ።

"የተከበራችሁ ዳኞች፣ የተከበራችሁ ወላጆች። ናርዶስ ያለችው ሁሉ እውነት ነው። የኔም እናት እንደዛው ናት።"

ሰው ሳቀ። በቃ ተሸነፈች ብሎ ነው። እሷ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

"እናቴ ፀጉሬን ትሠራኛለች፤ ስለምትችል ነው። ታበስላለች፤ ስለምትችል ነው። አባቴ አይችልም። ፓስታውን አንድ ላይ አጣበቀው። ኪሴን ሰፋው። አይቆጠርልህም አልኩት። በማግስቱም ተነስቶ ሞከረ። ዛሬም ሞክሯል፣ ፀጉሬን ማየት ትችላላችሁ።" ዞር ብላ አሳየቻቸው። አዳራሹ ፈነዳ። "የሚችሉትን ማድረግና የማይችሉትን መሞከር አንድ ነው? የኔ ጥያቄ ይሄ ነው። አመሰግናለሁ።"

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር። አባቶች ቆመው አጨበጨቡ፤ ምን ሞክረው እንደሚያውቁ አላህ ይወቅ። ነስሩ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል። ሴራሚክ የሌለበትን ቦታ እንዲህ ተመስጦ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። እንባው እንዳይወርድ ነው።

እኔስ? እኔ እዚያው ተቀምጬ ሒሳቡን እየሠራሁ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ፀጉር የሠራሁት እኔ። ያበሰልኩት እኔ። ስለቻልኩ ተቀነሰብኝ ማለት ነው? እንዲህ ያለ ፍርድ የት አገር አለ? ተናደድኩ። ደግሞ አለቅሳለሁ። ደግሞ እስቃለሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት ልጅሽ ናት ወይ ስትለኝ፣ አዎ፣ የኔ ናት አልኩ፣ ያለ ምንም ማስረጃ።

ዳኞቹ ተመካከሩና ለናርዶስ ፈረዱ። የእናት ወገን አሸነፈ። እኔ እናት ነኝ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ልቤ ተሰበረ። ልጄ አሁን ልታለቅስ ነው ብዬ ልሄድላት ስነሳ፣ ሀያት እጇን አወጣች። ሊያልፏት ሲሉ አላወረደችውም። ማይክራፎኑ ተሰጣት። በየትኛው መስፈርት እንደተሸነፈች እንዲያስረዷት ዳኞቹን ጠየቀች። በደንብ፣ በትሕትና፣ ግን እስከ በሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ሽማግሌ መምህር ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው ነጥቡን አንድ በአንድ አስረዷት። ጨርሳ አዳመጠቻቸው። ከዚያ፣ "ገብቶኛል፤ ግን አልተስማማሁም" ብላ ወረደች።

ቲቸር ሰናይት ከመድረኩ ጥግ ሆና ወደ እኔ አየች። ፈገግ ብቻ አለች። ቀሪ ትባል የነበረችው ልጄ ናት እንግዲህ።

በመንገድ ላይ ነስሩና ሀያት ከፊቴ ከፊቴ እያወሩ ሄዱ። ምን እንደሚያወሩ አልሰማሁም፤ ሁለቱም ግን እኩል እየተናገሩ ነበር። ነስሩን ይህን ያህል ሲያወራ ያየሁት ሊያገባኝ ሲጠይቅ ነው። ፀጉር መሥራቱንም አልተወም። አርብ አርብ ጠዋት የሱ ተራ ነው። እየተሻሻለ ነው፤ ባይሻሻልም እኔ ምን አገባኝ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ቲቸር ሰናይት ግን በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ወገን ተቀያይሮ ክርክሩ ይደገማል ብላለች። ሀያት የእናት ወገን ሆናለች። ደስ አለኝ። የተረሳ ነገር ካለ ላስታውሳት ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"ማሚ፣ አንቺ የምትችይውን ሁሉ አውቀዋለሁ። የማትችይውን ነገር ስትሞክሪ ግን አይቼሽ አላውቅም" አለችኝ።

ይህን ስትሰሙ ምን ትላላችሁ? እኔ ስፌቴን ቀጠልኩ። ግን ከውስጤ አልወጣም። እውነትም ከመቼ ጀምሮ ነው የማልችለውን ነገር የተውኩት?

ባለፈው እሁድ የጎረቤት ልጅ ሳይክል ተዋስን። ልጅ ሆኜ እመኘው ነበር፤ ለሴት ልጅ ምን ያደርጋል ተብሎ ቀረ። ነስሩ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ፣ ሀያት ከፊት ለፊት "ወደ ታች አትዪ" እያለች፣ እኔ ረጅም ቀሚሴን ሰብስቤ በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ኮብልስቶን ላይ እየተንገጫገጭኩ ሄድኩ። ትንሽ ሄድኩ። ከዚያ የውሃ ታንከሩ አጠገብ ከነሳይክሉ ጋደም አልኩ።

ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ልብስ ሊያሰጡ ወጥተው ነበር። ጎንበስ ብለው አዩኝ። ልጄ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን ነክቶሽ ነው አሉኝ።

መሬት ላይ ሆኜ ቀሚሴን አራገፍኩና፣

"ምንም አይደል፣ እትዬ። ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ነን" አልኳቸው።