የአዳራሹ አፍንጫ

«ልጄ፣ ጭስ የሚፈራ ቤት ደግሞ ምን ዓይነት ቤት ነው?» አሉኝ እትዬ ጥሩነሽ፣ የቀዱልኝን ጠላ በጣሳ እያቀበሉኝ።

እንደ እርሳቸው ላለ ሰው ጭስ የቤት እስትንፋስ ነው። ደጀን አድሮ በማለዳው አውቶቡስ ወደ ደብረ ማርቆስ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፤ ከየሣር ክዳኑ ጭስ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል፣ የቱ ጉም የቱ ጭስ እንደሆነ አይለይም። አገሩ በሙሉ ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ይመስላል። ጭስ ያልወጣበት ጎጆ ከታየ ደግሞ ጎረቤት «ምን ሆነው ይሆን?» ብሎ ይሄዳል። እኔ በበኩሌ ጭስ ሲሸታት ደንግጣ ለምትጮኽ መሣሪያ ሐኪም ሆኜ ከአዲስ አበባ የተላክሁ ሰው ነበርኩ።

ደብረ ማርቆስ ላይ አዲስ አዳራሽ ተሠርቷል። አዳራሹ እንደ እኛ ቤት በመስኮት አይተነፍስም፤ በወጉ ይተነፍሳል። ጣሪያው ላይ ያለው ትልቅ ማራገቢያ የውጭውን አየር ይስባል፣ በቆርቆሮ ቦይ አሳልፎ ሕዝቡ ራስ ላይ ያወርደዋል። ቦዩ ውስጥ አንዲት ሣጥን ተቀምጣለች። ከሣጥኗ የወጣ ቀጭን ቱቦ የሚያልፈውን ነፋስ ያሸታል። ጭስ ከሸተታት ማራገቢያውን ታቆማለች፣ የቦዩን የብረት መዝጊያ ትዘጋለች፣ ደወል ታስጮኻለች። ጭሱ ወደ ሕዝቡ እንዳይወርድ ነው። የከተማው ሰው «አፍንጫዋ» ይላታል። እኔም ትምህርት ቤት ያጠናሁትን ረጅም ስሟን ትቼ አፍንጫዋ ማለት ጀመርኩ።

ችግሩ እሳት በሌለበት መጮኋ ነበር።

የመጨረሻው ጩኸቷ ነው እኔን ያስጠራኝ። ከጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት የመጡ አንድ ትልቅ ሰው ስለ ሥልጣኔ ይናገሩ ነበር አሉ። «ሥልጣኔ ማለት…» ብለው ትንፋሽ ሲወስዱ ደወሉ ጮኸ። ሕዝቡ ንግግሩ ያለቀ መስሎት ደስ ብሎት አጨበጨበና ወጣ። ሥልጣኔ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደብረ ማርቆስ እስከ ዛሬ አልሰማችም።

የአዳራሹ ዳይሬክተር አቶ ዳኛቸው ይህን ሲነግሩኝ ጢማቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ወይ አፍንጫዋን አድናት፣ ወይ ነቅዬ እጥላታለሁ አሉ። የሰው እጅ ካለበት ደግሞ፣ ያ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ከዚህ አጥር አጠገብ ሁለተኛ አያድርም አሉ።

ከአጥሩ አጠገብ የቀረች ቤት አንዲት ብቻ ነበረች፤ የእትዬ ጥሩነሽ ጠላ ቤት። ለአዳራሹ ሲባል ጎረቤቶቻቸው ሲነሡ የእርሳቸው የተረፈችው የግንበኞቹን ጥም ስለቆረጠች ነው ይባላል። ባል የላቸው፣ እርሻ የላቸው፤ ያላቸው ጋናቸውና ያች ቤት ናቸው።

*

ሕክምናውን ጀመርኩ። የሣጥኗን ክዳን ፈታሁ፣ አቧራዋን በብሩሽ ጠረግሁ፣ ቱቦዋን አውጥቼ አጸዳሁ። ከዚያ ቦዩ ውስጥ ጨርቅ አጨስኩ። ማራገቢያው ቆመ፣ መዝጊያው ተዘጋ፣ ደወሉ ጮኸ። እንደገና አስነሣኋት፤ ዝም አለች። ከዚህ በላይ ጤና አለ? ማሸት ያለባትን ታሸታለች፣ ዝም ማለት ባለባት ጊዜ ዝም ትላለች። ይህን የሚችል ሰው ስንት አለ?

በማግስቱ፣ ፀሐይ መሀል ሰማይ ላይ ሆና፣ ማንም ሳይነካት ጮኸች። መሰላሉን እስክወጣ መዝጊያው ተዘግቷል፣ ቦዩ ንጹህ ነው፣ ጭስ የሚባል የለም።

ሕልም ታያለች አልኩ። ለምን አታይም? ቀኑን ሙሉ በጨለማ ቦይ ውስጥ ተቀምጦ የሚያልፍ ነፋስ ማሽተት ነው ሥራዋ። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ የስንቱን መንደር እሳት፣ የስንቱን ማሳ ገለባ ሽታ ይዞ ይመጣ ይሆናል። እኔ ራሴ እዚያ ቦይ ውስጥ ጋደም ብዬ ያን ነፋስ ሳዳምጥ ያላየሁት ምን አለ?

እንዲህ ግራ ሲገባኝ ከሥራ በኋላ እትዬ ጥሩነሽ ቤት እቀመጥ ነበር። ጠላቸውን እየጠጣሁ ስለማይገኘው ጭስ አማርራለሁ። እንዲያውም አመሰግናቸዋለሁ፤ እትዬ፣ ይህች የጭስ ቃናዋ እኮ ነች ከሌላው ጠላ የምትለያት እላለሁ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ።

*

አንድ ቀን ከጣሪያው ላይ፣ አየር በሚስበው አፍ አጠገብ ቁጭ ብዬ ደመና እያየሁ ነበር። ድንገት የትናንቱ ጠላ ቃና መጣብኝ። ምላሴ ላይ ሳይሆን አፍንጫዬ ላይ። ወደ ታች ብመለከት እትዬ ጥሩነሽ ጓሯቸው ውስጥ ጋናቸውን ደፍተው በወይራና በጥንጁት እንጨት ያጥናሉ። ጭሱ ከጋኑ ሥር ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ የአዳራሹን ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ እኔ አጠገብ ሲደርስ አየር መሳቢያው አፍ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል። መግቢያም አያጣም።

ቀና ሲሉ አዩኝና እጃቸውን አወዛወዙልኝ። በዚያው ደወሉ ጮኸ።

ወርጄ ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ። የአቶ ዳኛቸውን ዛቻ ስጨምርበት መሳቁን ተዉ።

«ታዲያ ጋን ሳይታጠን ጠላ ይጠመቃል? ባልታጠነ ጋን የተጠመቀ ጠላ ሸጠች ከምባል ከዚህ ቤት ብነሣ ይሻለኛል።»

ቀና ብለው የአዳራሹን ጣሪያ አዩ።

«ልጄ፣ ያችን አፍንጫ ጉንፋን አታስይዝልኝም?»

ይቻላል። ቱቦዋን በጥጥ መድፈን ነው። ግን አዳራሹ አንድ ቀን በእውነት ቢነድስ? አልሆነም አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ጋኑ መለሱ። ጠላም አልቀዱልኝ።

በዚያ ቅያሜ ውስጥ ሐሳብ መጣልኝ። አቶ ዳኛቸው ዘንድ ሄጄ፣ መሣሪያዋ ጤነኛ ናት፣ የጎደላት ልምምድ ነው አልኩ። አዳራሹ ባዶ በሚሆንበት ቀን፣ በየጊዜው፣ ጥሩ ጭስ አሽትተን መፈተሽ አለብን፤ በሌላው ቀን ዝም ትላለች። ሁሉም እውነት ነው። ጋኑን ብቻ አላነሣሁም። ጥሩ ጭስ ከየት ይመጣል ሲሉኝ፣ እትዬ ጥሩነሽ ነጭና ትዕግሥተኛ ጭስ ያውቃሉ አልኳቸው። አቶ ዳኛቸው ተደሰቱ። «በአገር ጭስ!» አሉ። እትዬም ጋናቸውን በዚያ ቀን ብቻ ሊያጥኑ ተስማሙ፤ ጠላውም ተመልሶ ተቀዳልኝ።

በቀጠሮው ቀን ዳይሬክተሩ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ጓሮው ድረስ መጡ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ጋኑን ደፉ። ጭሱ ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ። አቶ ዳኛቸው ጭሱን በዓይናቸው ተከተሉት፤ ከጋኑ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ጣሪያው። አሁን ከቀድሞው የሐሰት ጩኸት ጋር ያገናኙታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ደወሉ ጮኸ።

«እሰይ!» ብለው አጨበጨቡ። «ትሠራለች! እንደ ሰዓት ትሠራለች!»

እትዬ ጥሩነሽ እጅ ነሡ። እኔም ነሣሁ። ቤቲቱ ተረፈች አልኩ በልቤ።

አቶ ዳኛቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የንግግር ሰው ናቸው።

«ወይዘሮ ጥሩነሽ፣» አሉ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ የዚህ አዳራሽ ሠራተኛ ነዎት። የጭስ ኃላፊ። ቤትዎንም ማንም አይነካብዎትም፤ የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሆኗል።» ጎንበስ ብለው በአክብሮት ጨመሩ፤ «ብቻ እንግዲህ በመሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ጠላ መሸጥ ክልክል እንደሆነ አይጠፋዎትም።»

እትዬ ጥሩነሽ እርሳቸውን አላዩም። እኔን አዩኝ። ከዚያ እሳቱን በእግራቸው ረግጠው አጠፉት፣ ጋናቸውን እያንከባለሉ ገቡ፣ በሩም ተዘጋ።