የቆመችው ፒክአፕ ቁጥር

ከግቢው የማትወጣ መኪና ያለው ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ሰፈሩ አጥር ማዶ የሚኖሩት ጡረተኛው ሾፌር ጋሼ መንገሻ ናቸው። ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል፤ ግቢው ውስጥ ከእሳቸው ጋር የቀረችው አሮጌዋ ፒክአፕ ብቻ ናት።

«ከሞያሌ ገዢ ይመጣል፤ የሻንሲ ቁጥሯ ደብዝዟል፤ ኑና አንብቡልኝ» እያሉ ግጥም የምጽፈውን እኔንና ፍየል ነጋዴውን ጂሎን ይጠሩናል። ገዢውን እስካሁን ያየው የለም። እኛ ግን እንሄዳለን። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እንፍቃለን፣ ቅባቱን በቤንዚን እናጥባለን፣ ጠመኔ እናሽበታለን፣ ባትሪ ከጎን እናበራበታለን። የጥንት ሐውልት ብናነብ እንኳ እንዲህ የምንጨነቅ ይመስልዎታል?

ባለፈው ቅዳሜ ጂሎ «አካም ጋሼ!» ብሎ ገባና አንዴ ጎንበስ ብሎ ጨረሰው።

«መጨረሻዋ ስምንት ናት። አለቀ! ፍየሎቼ ይጠብቁኛል።»

ጋሼ መንገሻ ክው አሉ። የጣዱት ሻይ ገና አልፈላም። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ገጣሚው፣ ያንተ ዓይን ደህና ነው። እስቲ ደግመህ እይልኝ።»

አጎነበስኩ። ስምንቷ ጠመኔ ጠጥታ ቁልጭ ብላለች። ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል እኔንም የሚጠብቀኝ አልነበረም።

«ሦስት ትመስለኛለች፣ ጋሼ።»

«ሦስት? አበድክ እንዴ!» አለ ጂሎ፣ ከበሩ ተመልሶ ባትሪውን ከእጄ እየነጠቀ።

ጋሼ መንገሻ እያፏጩ ብርጭቆ ሊያጥቡ ገቡ።