ጋሽ ግፊት እና የባለሱቋ ፍሪጅ

በየሰፈሩ አንድ ሁሉን አዋቂ አለ። ሐኪሙን ስለ በሽታ፣ ሹፌሩን ስለ መንገድ የሚያስተምር፣ ዝናቡ እንኳ ሳያማክረው ቢዘንብ ቅር የሚለው። ለሌላው ሰፈር የፖለቲካ ወይም የእግር ኳስ አዋቂ ሲደርሰው፣ ለሰፈራችን ባለሱቅ የደረሳት የለስላሳ ሊቅ ነው።

ክቡር ጋሽ ግፊት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት በለስላሳ ፋብሪካ ቆርኪ የሚገጥመውን ማሽን ይዘው ሠርተዋል። ስለዚህ የታሸገ ጠርሙስ ሁሉ የአብራካቸው ክፋይ ነው። በየጠዋቱ መጥተው ከፍሪጁ አጠገብ ባዶ ሳጥን ላይ ይሰየማሉ። ማን ጠራቸው? ማንም።

አንዱ ደንበኛ ያልቀዘቀዘ ጠርሙስ ከፍቶ አረፋው ሸሚዙን ሲያርስበት፣ ሶፍት ከማቀበል ይልቅ ትምህርት ይሰጡታል። «ሙቅ ለስላሳ ጋዙን መያዝ አይችልም ልጄ! እንደ ሐሜተኛ ነው፤ አፉ ሲከፈት ያለውን ሁሉ ያወጣል።» ሌላዋ ቸኩላ ስትመጣ ጠርሙሱን እንደ ትኩሳታም ሕፃን ይዳስሱና «ገና ነች፤ ሩብ ሰዓት ይታገሱ» ይሏታል። ሴትዮዋ ትታገሣለች? ውልቅ ብላ ትሄዳለች።

ባለሱቋ አፍ የላትም። ስትናደድ መደርደሪያ ትወለውላለች፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የመደርደሪያው ቀለም ተፍቆ አልቋል።

የሱቁ እንጀራ ግን ከፊት ለፊቱ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ዘጠኝ አናጺዎች ናቸው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግር ብለው መጥተው ቀዝቃዛ ይጠጣሉ። በቅርቡ ማዕዘኑ ላይ የመስታወት በር ያለው ትልቅ ፍሪጅ የያዘ ሱቅ ተከፍቷል። ዘጠኙ ወደዚያ ካዘነበሉ ቁልፉን ለአይጥ አስረክቦ መሄድ ነው።

ታዲያ ሰኞ ማታ ሲወጡ ጋሽ ግፊት ምን አደረጉ? ማንንም ሳያስፈቅዱ የፍሪጁን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ቅዝቃዜ አዞሩት! «ለአናጺዎቹ ብዬ ነው» አሉ ለራሳቸው፣ ውለታ እንደዋለ ሰው።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ የአናጺዎቹ አለቃ ጠርሙሱን ከፈተ። ጥርት ያለው ለስላሳ ዓይኑ እያየ ከጠርሙሱ አንገት ጀምሮ ነጣ፤ የበረዶ ፍርፋሪ ሆኖ በጠርሙሱ አፍ ወጣ።

«እማማ፣ ምንድነው ይሄ? የተበላሸ ነው የሚሸጡልን?»

«ማዕዘኑ ጋ እንሂድ ብዬ አልነበር?» አለ አንዱ ከኋላ። ዘጠኙም ጠርሙሳቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

ባለሱቋ ጋሽ ግፊት ወደተቀመጡበት ሳጥን ዞረች። ዕድሜ ልካቸውን ያለ ቦታው የሚናገሩት ሰውዬ፣ ዛሬ በቦታው ይናገሩ! ጋሽ ግፊት ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። መቆጣጠሪያውን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አያውቁም።»

ይኸው ነው። አንዲት ቃል አልጨመሩም።

«አንተ ሽማግሌ!» አለ አለቃው። «ሥራ ከፈታህ ቤትህ አትቀመጥም? የሰው ፍሪጅ ምን አገባህ?»

ባለሱቋ ጨርቁን ወረወረችው።

«ማንን ነው ‹አንተ› የምትለው? አባትህ ይሆኑ የለም ወይ!» ድምጿ ከየት እንደመጣ አልታወቀም። «ለስላሳው ምንም አልሆነም! ታሽጎ ሳለ ጋዙ በግፊት ታፍኗል፤ ታፍኖ ከዜሮ በታች ቢወርድም አይረጋም። ቆርኪው ሲነሣ ግፊቱ ይለቃል፣ ጋዙ አረፋ ሆኖ ይወጣል፣ በረዶው ያን ጊዜ ነው የሚይዘው። የተበላሸ ቢሆን እንዲህ አረፋ ያወጣ ነበር? እስቲ ቅመሰው!»

ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ አልሰማም ብላ ስትወለውል፣ አንድ ቃል አላመለጣትም።

አለቃው ቀመሰ። ጢሙን ላሰና ደገመ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ጠርሙሳቸውን አነሡ፤ ብዙም ሳይቆይ በሱቁ ውስጥ የበረዶ ቁርጥምጥም ብቻ ይሰማ ጀመር።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ አለቃው ዓይኑን ሳያነሣ።

ጋሽ ግፊት ወደ ባለሱቋ ጠጋ አሉ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ሊያመሰግኗት ነው ብላ ጎንበስ አለችላቸው።

«እትዬ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስኳሩን ረሱት። ቶሎ እንዳይረጋ ስኳሩም ያግዛል፤ ግፊቱ ብቻ አይደለም።»

ደሟ ፈላ። ፍሪጁን በኃይል ከፈተች፤ ከሁሉ የቀዘቀዘችውን ጠርሙስ መርጣ ፊታቸው ቁጭ አደረገች።

«ይጠጡና ዝም ይበሉ!»

ጠጡ። ዝም ግን አላሉም።