ኤዶ ሃሊሞ ካምሻፍት ስትመርጥ

መጀመሪያ ያየሁት ብርጭቆውን ነው። ሞተሯ በሚሠራ ነጭ መኪና ኮፈን ላይ፣ እስከ አፉ የሞላ ሻይ ተቀምጧል። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ከብርጭቆው አፍ ጋር አስተካክላ፣ በሻዩ ላይ የሚሮጡትን ቀጫጭን ክቦች ትከታተላለች። የሻይ ብርጭቆ እንዲህ ተከብሮ አይቼ አላውቅምና ቆሜ ቀረሁ። መካኒኩ ሸረፈዲን ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

«ይንቀጠቀጣል» አለች።

«ኤዶ፣ ሞተር ነው እኮ! ምን ያድርግ?»

«ይረፍ!»

ኤዶ ሃሊሞን ያወቅኳት እንዲህ ነው፤ ከመንገደኞቿ አንዱ ከመሆኔ በፊት። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ለእሷ ግን ከሹመት አያንስም። እሷ እያልኩ መጻፌን አንባቢ አይታዘበኝ፤ አንቱታ ድሬ ውስጥ ሙቀቱን አይችልም።

እያንዳንዱ ሰፈር አንድ መራጭ አለው። እኛ ሌሎቻችን እንገዛለን፤ መራጭ ግን ይመርጣል። እኛ የተሰጠንን ይዘን ቤታችን እንገባለን፤ መራጭ ሻጩን በገዛ ዕቃው አጠራጥሮት ይወጣል። የእናንተም ሰፈር መራጭ አሁን በዚህች ደቂቃ አንድ ባለሱቅ መሰላል ላይ አውጥቶ «ከዚያ ወዲያ ያለውን» እያለ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ክብርት ኤዶ ሃሊሞ ፍራሽ ልትገዛ ታይዋን ገበያ ገብታ፣ ሱቁ ውስጥ ባሉት ፍራሾች ሁሉ ላይ ተኝታለች። አንዱ ላይ እውነተኛ እንቅልፍ ወሰዳት። ባለሱቁ ሌሎቹን ደንበኞች በሹክሹክታ ሲያስተናግድ ቆየ። ስትነቃ «ይሄ አይሆንም» አለች።

«እንዴ! እንደ ሕፃን ተኝተሽበት?»

«ለዚህ ነዋ! እዚህ ላይ የተኛ ሰው ሥራ አይሄድም።»

መነጽር ስትገዛም እያንዳንዱን እያደረገች መንገድ ላይ ወጥታ የባጃጅ ታርጋ ታነብ ነበር። አንዱን «ያበዛዋል፤ የሰው ገመና ያሳየኛል» ብላ መልሳለች። አዋጇ አጭር ነው፦ «አብሬው የምኖረውን እኔ ነኝ የምመርጠው።» ይህን ስትል ባሏ አንገቱን ይደፋል፤ በኩራት ይሁን በድካም እስካሁን አልለየሁም።

ከባሏ ቀጥሎ አብራ የምትኖረው ከመኪናዋ ጋር ነው። ቱርቦ ናት፤ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር እያዞረ መልሶ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር ይነፋለታል። በዚህች መኪና በየማለዳው አራት ሰዎችን ከድሬ ሐረማያ፣ ሥራችን ድረስ ታወጣናለች። በመሃል የደንገጎ ዳገት አለ። ጠመዝማዛው ላይ የጭነት መኪኖቹ እያቃሰቱ ይሳባሉ፤ ለመቅደም የሚበቃ ቀጥ ያለ ቦታ ጥቂት ነው፤ እዚያ ሲደረስ ሞተር ወዲያው ትንፋሽ ማግኘት አለበት።

አንድ ሰሞን ግን አላገኘም። ካምሻፍቱ ተበልቶ ነበር። ሸረፈዲን እንዳስረዳኝ ካምሻፍት የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ጉብታዎች የተደረደሩበት ዘንግ ነው፤ ሲዞር ጉብታዎቹ የሞተሩን የአየር በሮች ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ለካ መኪና የምትተነፍሰው በእንቁላል ነው! ይህን ሳላውቅ ይህን ሁሉ ዘመን መኪና ላይ መውጣቴ ገረመኝ።

ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፈን እያረፈድን መድረስ ጀመርን። መዝገብ ቤት የሚሠሩት ወይዘሮ አሰገደች ከአለቃቸው ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ይህን የሰማ ዘርዓብሩክ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር፣ አዲስ ወንበርና ብዙ ፈገግታ ይዞ መጣ። «ከሰኞ ጀምሮ እኔ ላውጣችሁ» አለን። አራታችን ከሄድን ኤዶ ሃሊሞ በማለዳ የምታወጣው ሰው አይኖራትም። ደብቀን መሄድ ስላልሆነልን ነገርናት።

የመኪናዋን መስታወት አስተካከለች። «ሰኞ በእኔ መኪና ነው የምትሄዱት» አለች፤ ነገ ፀሐይ ይሆናል እንደማለት።

ሌላ ሰው ቢሆን የተበላውን በዓይነቱ ተክቶ ይገላገላል። እሷ ግን ካልቀረ የተሻለ ይግባ አለች። ሸረፈዲን ሁለት ዓይነት አቀረበ። አንደኛው ጉብታው ከፍ ያለ፣ የአየሩን በር ለረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ ነው፤ የጋራዡ ልጆች «ኃይለኛው» ይሉታል። ሁለተኛው ከድሮው በጥቂቱ ብቻ የሚልቅ ነው፤ እሱን «ጨዋው» ይሉታል።

ስህተቱ የተፈጸመው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ድሬ መንገዱን ለፀሐይዋ ትታ ትቀመጣለች። ጋራዡ ውስጥም ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ጫቱ ተዘረጋ፣ በርጫው ሞቀ። በርጫ ላይ ደግሞ ትንሽ ነገር የመረጠ ሰው አይቼ አላውቅም። በርጫ ላይ ቤት ሲሠራ ፎቅ ነው፤ ንግድ ሲጀመር ዱባይ ድረስ ነው።

«አቦ ሃሊሞ፣ ኃይለኛውን ካስገባሽ ደንገጎ ራሱ ጎንበስ ይልልሻል!»

«ድምፁ ብቻ ወላሂ፣ የጭነት መኪናውን መንገድ ያስለቅቀዋል!»

ሸረፈዲን ምርቃናው መጥቶለት ምንጣፉ ላይ በጣቱ ጠመዝማዛ እየሣለ በየኩርባው ሰው ቀደመ። ሰኞ ቀርቦ ነበርና ኤዶ ሃሊሞ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው እንዲመርጥላት ፈቀደች። ምርቃናው እያሯሯጣቸው ሌሊቱን ሙሉ ተሠርቶ ኃይለኛው ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ለሙከራ አራታችንንም ጫነችን። «ባዶ መኪና አይመረጥም» አለች። ሞተሩ ሲነሳ ወባ እንደያዘው ሰው ነበር። በቆመችበት መላዋ መኪና ትርገፈገፋለች። ወይዘሮ አሰገደች መነጽራቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ሃሊሞ፣ ጥርሴ የራሴ ነው፤ ይዤው መመለስ እፈልጋለሁ» አሉ።

ደንገጎ ላይ አንድ የጭነት መኪና አገኘን። ቀጥ ያለው ቦታ ሲመጣ ኤዶ ሃሊሞ ነዳጅ ሰጠች። ምንም የለም። ጨመረች። አሁንም የለም። ከዚያ ዙሩ ከፍ ሲል ሞተሩ እንደ ነጎድጓድ ጮኾ ተተኮሰ። ግን ቀጥ ያለው ቦታ አልቋል፤ ከፊት ኩርባው መጥቷል። ፍሬን ይዛ ተመልሳ ከጭነት መኪናው ኋላ ገባች። መኪናው ውስጥ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጸሎት በሦስት ቋንቋ ተሰማ።

«ይሄ ነገር» አለች ኤዶ ሃሊሞ ረጋ ብላ፣ «ዘግይቶ ነው የሚናደደው።»

መዞሪያ እንዳገኘች እኛን እንደያዘች በቀጥታ ጋራዥ ወረደች። ሸረፈዲን ገና ቁርሱን ያልበላ፣ ከትናንቱ ሰውዬ በግማሽ ያነሰ ሆኖ ተቀበላት።

«ሸረፈዲን፣ ትናንት የመረጥክልኝ የት ሆነህ ነው?»

«እዚሁ ኤዶ፣ ምንጣፉ ላይ።»

«አይደለም። ላይ ነበርክ፤ ሁላችሁም ላይ ነበራችሁ። የእኔ መኪና የምትኖረው ታች ነው፤ ከጭነት መኪና ኋላ፣ በሁለተኛ ማርሽ።»

ሸረፈዲን መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ጫት ባልነካ አፉ በዝግታ ነገራት። የኃይለኛው ሁለት በሮች፣ ማስገቢያውና ማስወጫው፣ ለረጅም ጊዜ አብረው ክፍት ይሆናሉ፤ ቱርቦው የነፋው አየር ሳይሠራ በወዲያኛው በር ይወጣል፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት የለም። ጨዋው ግን በጊዜ ይዘጋል፤ ቱርቦውንም ቶሎ ይቀሰቅሰዋል።

«ለውድድር ኃይለኛው ነው ጥሩ። በየቀኑ ለሚነዳ ቱርቦ ግን ጨዋው ይሻላል።»

«ታዲያ ትናንት ይህን አታውቅም ነበር?»

«ኤዶ፣ ትናንት እኮ እኔ ራሴ ውድድሩ ውስጥ ነበርኩ።»

ጨዋውን ካምሻፍት ብርሃን ላይ ይዛ እያንዳንዱን ጉብታ በጥፍሯ ዳበሰች። «ጭረት አለው።» «ወላሂ የጣቴ ቅባት ነው!» «ጥረገውና እንየው።» ተጠረገ፤ ታየ፤ ተመረጠ። ሥራው ግን እስከ እሑድ የሚዘልቅ ነበር፤ መሃል ላይ ደግሞ ሁለት በርጫዎች አሉ። ኤዶ ሃሊሞ ምን አደረገች? የተጠቀለለውን ምንጣፍ ወስዳ ተቀመጠችበት። ቅዳሜም ተቀመጠችበት፣ እሑድም። የጋራዡ ልጆች እያዛጉ፣ እየተነጫነጩ፣ ምንጣፉን በዓይናቸው እየተሰናበቱ ሠሩ።

ሰኞ ጠዋት መነሻችን ላይ ቆምን። ኤዶ ሃሊሞ የለችም። ዘርዓብሩክ ግን በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ቆሟል።

«ግቡ እንጂ፣ ሰዓቱ ሄደ!»

አንዳችንም አልተንቀሳቀስንም። እኔ ወደ ወይዘሮ አሰገደች ጠጋ ብዬ «ባትመጣስ?» አልኩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ከአንተ በፊት እዚያች መኪና ውስጥ ስንት ሰው እንደተቀመጠ ታውቃለህ? በሩን በኃይል የዘጋው በማግስቱ ቀረ። ስልክ ላይ የጮኸው ቀረ። ደንገጎ ላይ የተኛውም ቀረ። አንተን ግን አቆየችህ። ዝም ብለህ ቁም።»

ፀሐይዋ ጠነከረች። ራሴን እስከዚያች ቀን ድረስ እንዲህ ተፈትኖ እንዳለፈ ነገር ቆጥሬው አላውቅም ነበር። ዘርዓብሩክ ትከሻውን ነቅንቆ ሌሎች ሰዎች ጫነና ሄደ። ወዲያው ነጯ መኪና መጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ ግራሶ የሆነች ሴት መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ፀሐይ ላይ ምን ይገትራችኋል? ጥላ የለም?»

ምስጋናው ይኸው ነበር። ደንገጎ ላይ ቀጥ ያለው ቦታ ሲመጣ ነዳጅ ሰጠች፤ መኪናዋም ሳትጮኽ፣ ከኋላ ሰው የገፋት ይመስል ወደ ፊት ሄደች። የጭነት መኪናው በጎናችን ቀረ። ቀጥሎ ሌላው ቀረ። ከዚያ ሚኒባሱ ቀረ። ወይዘሮ አሰገደች መነጽራቸውን ከዓይናቸው አላነሱም።

ሐረማያ ስንደርስ ገና ጊዜ ነበረን። ሌሎቹ ወደየሥራቸው ገቡ፤ እኔ ዳገቱን ሙሉ ሳዘጋጀው የመጣሁትን የምስጋና ንግግር ይዤ ቀረሁ። «ኤዶ፣ ዛሬ ያደረግሽው ነገር…» ብዬ ስጀምር፣ የዘርዓብሩክ ሚኒባስ ከፊቱ እንፋሎት እየተፋ መጥቶ ከመንገዱ ማዶ ቆመ። ዘርዓብሩክ ዘሎ ወርዶ ጭንቅላቱን ያዘ። መንገደኞቹ ተራ በተራ ወረዱ።

ኤዶ ሃሊሞ ዓይኗ ከእኔ ላይ ተነሳ።

«ቆይ አንዴ» አለችኝና የድርያ ቀሚሷን ጫፍ በአንድ እጇ ሰብስባ መንገዱን መሻገር ጀመረች። መሃል ላይ አንድ ባጃጅ በመዳፏ አስቆመች። ወደ እኔ አልዞረችም።

«ዘርዓብሩክ! የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካው፣ ያቃጥልሃል! ይህን የውሃ ፓምፕ ደግሞ ማነው የመረጠልህ? ነገ ሸረፈዲን ጋ ና፤ ጠዋት!»