የማይታረቁት ወንድማማቾች

ቦንጋ ውስጥ ሁለት ሰው በሰላም መጣላት አይችልም። ከተማችንን ማማቴ አይደለም፤ ካላመናችሁ መናኸሪያ ሄዳችሁ ቁሙ። ወደ ሺሺንዳ የሚሄደው መኪና ሞልቶ፣ ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ሳለ፣ ረዳቱና አንዲት ተሳፋሪ ዶሮዋ የት ትቀመጥ በሚለው ላይ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ወዲያው ከኋላ ወንበር አንድ አባት "ተዉ እንጂ ልጆች" ብለው ይወርዳሉ። እሳቸውን ለማገዝ ሌላ ሰው ይወርዳል። ሹፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል። መኪናው ዘግይቶ ይነሳል፤ ግን ተቀይሞ የሚሄድ የለም። ዶሮዋም ጭምር።

ይህ ጠባይ ለከተማ ደግ ነው። ለድርሰት ግን ጠላት ነው።

ይህን ያወቅሁት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ለአዋቂዎች በሚሰጠው የጽሑፍ ትምህርት ላይ ነው። "አንቺ ከአዋቂዎች መሃል ምን ልትሠሪ ገባሽ?" ብትሉኝ፣ እናቴ ናት ያስመዘገበችኝ። ሰው ፊት መናገር ስለምፈራ፣ እዚያ ብገባ የሚለቀኝ መስሏት ነው፤ እንደ ትል መድኃኒት መሆኑ ነው። አስተማሪያችን መምህር ሳሙኤል ከደብረ ብርሃን ተመድበው የመጡ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ በትልቁ "ግጭት" ብለው ጻፉና "ግጭት ከሌለ ታሪክ የለም" አሉን። ሁላችንም ገለበጥን። ገለበጥን እንጂ አልተቀበልንም።

አንዱ ተነስቶ ስለ ባልና ሚስት ጠብ የጻፈውን ማንበብ ይጀምራል። ገና ሚስትየው ሻንጣዋን ሳታነሳ፣ ከወዲያ ጥግ "ቆይ ቆይ፣ ቤተሰቦቿ ተጠርተዋል?" የሚል ድምፅ ይመጣል። ከዚያ ሰዎቹ ወንበራቸውን ስበው ይቀርቡና ሽምግልናው ይጀመራል። ደራሲው አንዴ ባልን፣ አንዴ ሚስትን ሆኖ ይጠየቃል። ባል ይቅርታ ይላል፣ ሚስት ሻንጣዋን ትፈታለች፣ ይጨበጨባል።

"ግጭቱስ?" ይላሉ መምህር ሳሙኤል።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ በርዷል" ይሏቸዋል።

የዚህ ሁሉ መሪዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ማንኪራ ጫካ ውስጥ ንብ የሚያረቡት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ በአማርኛ ጀምረው ሲናደዱ በካፊኖኖ የሚጨርሱ። ሁለተኛዋ ገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ። የጋሽ ወልዴ ማር የሚሸጠው በእትዬ ዘይነባ ሱቅ ነው፤ በክፍሉም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የሚያስታርቁት።

ተራዬ ደረሰ። ያነበብኩት በሕይወቴ የመጀመሪያውን ታሪኬን ነው። ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ታላቅየው ቀፎ መሥራት ያውቃል፣ ከፍታ ግን ይፈራል። ታናሽየው ዛፍ መውጣት ያውቃል፣ ቀፎ መሥራት ግን አይሆንለትም። ታላቅ የሠራውን ቀፎ ታናሽ ከረጅም ዛፍ ላይ ሰቀለው፤ ንብ ገባበት። ማሩ ሲደርስ አንዱ "የሠራሁት እኔ"፣ ሌላው "የሰቀልኩት እኔ" አለና ተኳረፉ። ማሩን የሚቆርጠው ጠፋ። ክረምቱ ገባ። ንቦቹም የገዛ ማራቸውን ራሳቸው በሉት። አለቀ።

ይህን መጨረሻ እወደዋለሁ። ሌላው ሁሉ ቢሰረዝ ግድ የለኝም፤ እሱ ግን እንዲነካብኝ አልፈልግም ነበር። አንብቤ ቀና ስል ወንበሮች ሲሳቡ ሰማሁ።

"ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ" አሉ ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "እኩል ይካፈሉ። ታላቅየው ምን ይላል?" ወደ እኔ ዞሩ።

"አይታረቁም" አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የተናገርኩት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ሲያየኝ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ እርቅ እምቢ ያለ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ ጋሽ ወልዴ። ጽፌዋለሁ።"

ሰው ሳቀ። እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ነገር ግን እርቅ የተከለከለ ሽማግሌ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ ሽማግሌ ደግሞ ይፈርዳል።

"ለነገሩ ማሩ የታናሽየው ነው" አሉ ጋሽ ወልዴ። "ቀፎ መሬት ላይ ቢቀመጥ የሚገባበት ጉንዳን ነው።"

"ምን?" አሉ እትዬ ዘይነባ። "ቀፎው ባይኖር ያ ወጠጤ ዛፍ ላይ ወጥቶ ምን ሊሰቅል ነበር? ነጠላውን?"

"እርስዎ ዛፍ ወጥተው ያውቃሉ?"

"እርስዎስ የሰው ድካም አክብረው ያውቃሉ?"

ጋሽ ወልዴ ቀሪውን በካፊኖኖ ጨረሱት። የሚችሉት ሳቁ፤ እትዬ ዘይነባ ቋንቋው ባይገባቸውም ሳቁ ገባቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱ በየጥጋቸው ተቀመጡ። የጋሽ ወልዴ ማር ወደ ሌላ ሱቅ መዞሩም ተሰማ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ የቀፎ ወገንና የዛፍ ወገን። አስታራቂዎቹ ራሳቸው ሲጣሉ ማን ያስታርቅ? የሚጽፍም ጠፋ። መምህር ሳሙኤል ከክፍል ስንወጣ ጠሩኝ።

"ሄለን፣ እባክሽን አንድ አንቀጽ ብቻ ጨምሪ። ታናሽየው ይሂድና ይቅርታ ይበለው።"

"ቲቸር፣ ግጭት ከሌለ ታሪክ የለም ብለውን ነበር እኮ።"

"ታሪክ ውስጥ አልኩ እንጂ አዳራሽ ውስጥ አልኩ?"

አዘንኩላቸው። ቤት ገብቼ ሞከርኩ። ታናሽየውን እስከ ወንድሙ ደጃፍ አደረስኩት፤ በሩን ሳያንኳኳ ተመለሰ። እንደገና ላክሁት፤ እንደገና ተመለሰ። ልጽፈው እችል ነበር፤ ውሸት ይሆንብኝ ነበር እንጂ። ደግሞ እኔው ባመጣሁት ነገር ክፍሉ ሊበተን ነው። ምን ታደርጉ ነበር?

ቅዳሜ ደረሰ። መምህር ሳሙኤል "ሄለን የምታነበው አላት" አሉ በተስፋ። ተነሳሁ። ወረቀት ግን አልያዝኩም።

"ጋሽ ወልዴ፣ እትዬ ዘይነባ" አልኩ፤ ድምፄ ቀጠነ። "እነዚያ ወንድማማቾች እኮ የሉም። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።"

"እንዴት የሉም?" አሉ እትዬ ዘይነባ ተቆጥተው። "ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሱኝ እነማን ናቸው ታዲያ?"

"እኔንም" አሉ ጋሽ ወልዴ ከወዲያ ጥግ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ስምምነታቸው ነበር።

"እንግዲያው ታረቁ።"

"መጀመሪያ እነሱን አስታርቂ" አሉ ሁለቱም።

"ሞክሬ ነበር። አልሆነም። እነሱ ቃላቸውን አይመልሱም፤ እልኸኞች ናቸው። ማራቸውን ለንብ ያስበላቸውም ይኸው እልህ ነው። እናንተ ግን እንደነሱ አይደላችሁም።"

መምህር ሳሙኤል ጠመኔውን ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጋሽ ወልዴ ወንበራቸውን አንስተው፣ ሳይስቡ፣ ተሸክመው እንደ ድሮው ወደ እትዬ ዘይነባ ጎን መጡ።

"እትዬ ዘይነባ፣ በካፊኖኖ ያልኩትን ይተዉልኝ።"

"ምን ነበር ያሉት?"

"እሱንም አይጠይቁኝ።"

እትዬ ዘይነባ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "ማሩን ሰኞ ይዘው ይምጡ። ደንበኞቼ አስቸግረውኛል።" ተጨበጨበ።

"ግን የልጅቷ ሰዎችስ?" አለ አንዱ።

"እነሱን ተዉአቸው" አሉ ጋሽ ወልዴ። "ሁሉም ሰው ይታረቃል ያለው ማነው? እኛ እንበቃለን።"

መጨረሻዬ ተረፈ። ከአዳራሹ ስንወጣ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ጋሽ ወልዴና እትዬ ዘይነባ በአንድ ጃንጥላ ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየኋቸው። ድምፃቸው እኔ እስከቆምኩበት ይሰማ ነበር። ጋሽ ወልዴ "መሬት ላይ ቢቀመጥ ጉንዳን…" ሲሉ፣ እትዬ ዘይነባ "ኧረ ይተዉኝ፣ ነጠላውን ሊሰቅል?" ይላሉ።

መምህር ሳሙኤል አጠገቤ ቆመው ፊታቸው ተለዋወጠ። "እንደገና ሊጣሉ ነው እንዴ?"

"አይደለም ቲቸር" አልኳቸው። "ታሪኩን እያነበቡት ነው።"