አምስት ከአምስት ያገኘው ትኩሳት

የተማረ ሰው የማይለካው ነገር የለም፣ እናንተዬ! ቁመት ለካ፣ ዝናብ ለካ፤ ይኸው ደግሞ አገር ለክፉ በሽታ ምን ያህል እንደተዘጋጀ ይለካ ጀመር። አገር ፈተና ተቀምጣ ነጥብ ይሰጣታል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላመንኩም ነበር፤ ካርቱም፣ ዐማራት የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የነጥብ ሰጪው ኮሚቴ ሊቀ መንበር በሆነ ሱዳናዊ ዶክተር ቤት በወጥ ቤት ሠራተኝነት እስክቀጠር ድረስ።

ዶክተሩ ደግ ሰው ነው፤ ጥፋቱ ወረቀት ማመኑ ብቻ። ኮሚቴው ሳሎን ተሰብስቦ ይጠያየቃል።

«እንግዳ ትኩሳት ቢነሳ በስንት ሰዓት ይታወቃል?»

«በሃያ አራት ሰዓት፣ ኢንሻላህ!»

«በሉ፣ አምስት ከአምስት!»

እኔ ሻይ እቀዳለሁ። ከሳሎኑ ግድግዳ ጀርባ፣ በሠራተኛ ክፍል ውስጥ፣ ቤት የምታጸዳው የወሎዋ ልጅ ዘይነባ በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ለምን ደበቅሽ አትበሉኝ። የታመመች ሠራተኛ ፌስታሏን ይዛ ትወጣለች፤ የመኖሪያ ወረቀት ከሌላት ደግሞ ውጭ ፖሊስ አፍሶ ይወስዳታል፤ ከሻ ይሉታል። ስለዚህ እሷን ተክቼ እጠርጋለሁ፤ መዳም፣ የዶክተሩ ሚስት፣ ስትጠይቀኝም «የሱና ጾም ይዛ ደክሟት ነው» እላለሁ። በዚያን ቀን ግን ዘይነባ እኔን መለየት አቃታት። ፈራሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ፣ ሻዩን ከነትሪው አስቀመጥኩና «ዶክተር፣ ልጅቷ ልትሞት ነው! ሦስት ቀን ትኩሳት ይዟታል» አልኩ።

ወይ ጉድ! ስንት ወረርሽኝ በወረቀት ያሸነፈ ኮሚቴ እግሬ አውጪኝ አለ። አንዱማ ጫማውን እንኳ ጥሎ ነው የሄደው። ዶክተሩ ብቻ አልሸሸም፤ በገዛ መኪናው ሐኪም ቤት አደረሳት። ወባ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ዳነች።

ስትመለስ መዳም ፌስታሏን በር ላይ አስቀምጣ ጠበቀቻት። «ያላ፣ ሂጂ፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አለቻት። ዶክተሩ መሬት መሬቱን አየ። ዘይነባ ጀሪፍ ሰፈር፣ አክስቷ ዘንድ ሄደች፤ ሳምንት ሳይሞላት ከሻ አገኛት።

ኮሚቴው እንደገና ሲሰበሰብ ዶክተሩ ኮራ ብሎ አነበበ፦ «በአንድ ቤት የታየ ትኩሳት በዕለቱ ታውቆ ታከመ፤ ሕዝቡ ሕመሙን ያለ ፍርሃት ይናገራል።» ተጨበጨበ። አምስት ከአምስት። ወደ እኔም ዞሮ «ጎበዝ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ንገሪን» አለኝ።

«ኢንሻላህ» አልኩና ሻዩን ቀዳሁ። ከጠዋት ጀምሮ እኔንም ብርድ ብርድ ሲለኝ ነበር የዋለው።