የሃያትን እልልታ ዋያት ወሰደው

ልጁ ስትሸለም እጁን አጣምሮ ቁጭ የሚል አባት ካያችሁ፣ ወይ አንቀላፍቷል፣ ወይ የተሸለመችው የጎረቤት ልጅ ናት። ሦስተኛ ዓይነት አባት የለም። እኔ አንድ ቀን ሦስተኛው ዓይነት ልሁን ብዬ ሞክሬ ነበር። ያውም ምዬ፣ ተገዝቼ። የደረሰብኝን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ሥራዬ ታክሲ መንዳት ነው፤ ከዴንቨር ኤርፖርት ሰው ማመላለስ። የምንኖረው ኦሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ካሉት አፓርትመንቶች በአንዱ ነው፦ እኔ፣ ባለቤቴ ሰዓዳ፣ አንዲቷ ልጃችን ሃያት፣ እንዲሁም የሰዓዳ አጎት ሃጂ ከማል። ሃያት የምትማረው ደግሞ ፓርክ ሂል አጠገብ ባለ የካቶሊክ ሃይስኩል ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ሃጂ ባለበት ቤት የካቶሊክ ዩኒፎርም በየሳምንቱ ይተኮሳል።

ይህን ያመጣው የኔው አፍ ነው። አንድ ቀን ከኤርፖርት አንዲት መነኩሲት ጫንኩ። ከኤርፖርት ወደ ከተማ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ግራና ቀኙ ሜዳ ነው፣ ሰው ካላወራ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ ደግሞ ተሳፋሪ ካገኘሁ የማወራው ስለ ሃያት ብቻ ነው። በአራት ዓመቷ ማንበቧን፣ በሰባት ዓመቷ የቴሌቪዥን ሪሞት ፈታትታ መልሳ መግጠሟን፣ የገጠመችው ሪሞት ባይሠራም ብሎኑ አንድም አለመትረፉን ዘረዘርኩላቸው። ሴትየዋ ሲወርዱ፣ ይህችን ልጅ ሳላይማ እንቅልፍ አይወስደኝም አሉና ስልካቸውን ሰጡኝ። ለካ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ኖረዋል። ሃያት ተፈተነች፣ አለፈች፣ ገባች።

ሃጂ ሁለት ሳምንት ሙሉ አኮረፉ። የወላጆች ቀን ይዘናቸው ሄድንና መነኩሲቷን ዳይሬክተር፣ ሲስተሯን፣ አገኟቸው። እስከ ቁርጭምጭሚት የወረደውን ግራጫ ቀሚስና የተሸፈነውን ጸጉር ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ወደ ሰዓዳ ዞር ብለው፣ እኚህ ሴትዮ በዚህ አገር ካየሁት ሰው ሁሉ በወጉ የለበሱ ናቸው፤ ልጅቷ እዚሁ ትማር፣ ብለው ፈረዱ። ሃጂ ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ይህን የተናገሩት በሹክሹክታ መስሏቸው ነው። አማርኛ የሚሰማ ሌላ ሰው ባይኖርም ድምፁ ግን ለሁሉም ደረሰ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሃያት ዘጠነኛ ክፍል ሳለች በሳይንስ ኤግዚቢሽን ሦስተኛ ወጥታ ሪባን ሲያያይዙላት፣ ሰዓዳ እልል አለች። የሰዓዳን እልልታ የማታውቁት ካላችሁ እድለኞች ናችሁ። ሠርግ ላይ ባንዱን የሚያስቆም እልልታ ነው። የትምህርት ቤቱ ነርስ ቦርሳዋን አንግባ፣ የት ጋ ነው የሚያምሽ እያለች ሮጣ መጣች። ሰዓዳን አጋድመው የደም ግፊቷን ለኩ። ግፊቷ ደህና ነበር፤ የሃያት ግን ሳይወጣ አልቀረም። ሦስት ቀን አላናገረችንም።

አሥረኛ ክፍል መጨረሻ ላይ የሽልማት ፕሮግራም ወረቀት ይዛ መጣች። ልትሸለም ነው። በምን ብለን ብንጠይቃት ሰርፕራይዝ ነው አለች። እኛ በሒሳብ እንደሆነ ገመትን፤ ሌላ በምን ይሆናል? ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር በደማቁ ተጽፏል፤ ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ እባካችሁ አታጨብጭቡ ይላል። ሃያት ጣቷን እዚያ መስመር ላይ አድርጋ ሦስታችንንም ሶፋው ላይ አስቀመጠችን።

«ኖ እልልታ። ኖ መነሳት። ባባ፣ ሃዩ ብለህ እንዳትጠራኝ፤ ፕሊስ። እንደ አምናው ካደረጋችሁ በሚቀጥለው ዓመት ወረቀቱን ራሱ አታዩትም።»

ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ያለችው ሰው ይህ ማስፈራሪያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቀድሞውንም ካናገረችን ቀን ያላናገረችን ይበዛል፤ ያቺን ወረቀት ካጣን በምን እናገኛታለን? እኔ ወላሂ ብዬ ማልኩ። ሃጂ፣ እኔ ከተወለድኩ ጮኼም አላውቅ፣ ሲሉ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ሰማ። ሰዓዳ አፏን ስለማታምነው ዘዴ ዘየደች። ከረሜላ ጎርሳ ልትቀመጥ ነው። ከረሜላ የጎረሰ ሰው እልል አይልም አለች። ቤት ውስጥ ሞክራው ሠርቷል።

ቀኑ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጂሙ ውስጥ፤ ሙቀቱ አይጣል። ታክሲዋን ፓርክ አድርጌ ስገባ ሰዓዳ አራት ወንበር ይዛለች፤ አራተኛው ለቪዲዮ ካሜራዬ ነው። ያኔ ካሜራው ካሴት የሚገባበት፣ ትከሻ የሚያጎብጥ ነበር። ከፊታችን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የካውቦይ ባርኔጣ፣ የተወለወለ ቡትስ፤ ባርኔጣቸው እንደ ጃንጥላ ሰፍቶ መድረኩን ግማሽ ጋርዶብናል።

ሲስተሯ ማይክ ይዘው መጥራት ጀመሩ። ለታሪክ እገሌ፣ ለኬሚስትሪ እገሊት። ልጆቹ ይወጣሉ፣ ሰርተፊኬት ይቀበላሉ፣ በጸጥታ ይመለሳሉ። ወላጆቹ ጭብጨባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ዝም። እንደዚህ ያለ የሠለጠነ ሕዝብ አይቼ አላውቅም! ሰዓዳ ሁለተኛዋን ከረሜላ ጎረሰች። እኔም ኮራሁ፤ ይኸው እኛም ተቀምጠናል፣ ማንም አላወቀብንም።

«በሒሳብ…» አሉ ሲስተሯ። ሰዓዳ ክንዴን ጨመደደችው። ማይኩ ተንኮሻኮሸና ከመካከሉ አንድ ነገር ወጣ፦ «…ያት…»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም፤ ሁሉም አንዴ ነው የሆነው። ከረሜላዋ ከሰዓዳ አፍ ተወንጭፋ የሽማግሌው ባርኔጣ ላይ አረፈች። እልልታው ተለቀቀ። የአባት ስም በእልልታው ውስጥ ሰጠመ። እኔ ወላሂ ያልኩት ሰውዬ ወንበር ላይ ቆሜ «ሃዩ፣ ሃዩዬ፣ የኔ አንበሳ» እላለሁ። ሃጂ ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘርግተው ዱዓ ያወርዳሉ፤ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ጥሩ ባል ይስጥሽ። ካሜራው ወለሉን እየቀረጸ ነው።

ከተማሪዎቹ መሃል የተነሳው ግን አንድ ቀይ ጸጉር ጎረምሳ ነው። አንገቱ የኔን ወገብ ያክላል። የትምህርት ቤቱ የሬስሊንግ፣ የትግል ማለት ነው፣ ቡድን አባል መሆኑን በኋላ ሰማሁ። ስሙ ዋያት።

ሰዓዳ ገብቷታል፤ ግን እልልታ እንደ ባቡር ነው፣ ፍሬን ቢይዙትም ጥቂት ሄዶ ነው የሚቆመው። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ መውረድም መቆምም እኩል የሚያሳፍርበት ቦታ አለ። ሃጂ ዱዓቸውን አቋርጠው፣ ይህ ማነው፣ ሃያት የታለች፣ ጥሩ ባል ያልኩት ለማን ሆነ፣ እያሉ ጠየቁ። በሹክሹክታ መስሏቸው ነው። ሃያትን ፈለግኳት። ፊቷን በፕሮግራሙ ወረቀት ሸፍናለች፤ የሚታየው ሁለት ጆሮዋ ብቻ ነው፣ እሱም ቀልቷል።

ዋያት መሃል መንገድ ላይ ቆሞ አየን። ማንነታችንን አያውቅም። ምን እንዳጠፋ እያሰበ ይመስላል። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ በራ። ሰርተፊኬቱን ተቀበለና ወደኛ ከፍ አድርጎ አሳየን፣ ጎንበስ ብሎም እጅ ነሳን። እኛም ምን እናድርግ፣ እጅ ነሳነው።

ይሄኔ ሽማግሌው ካውቦይ ዞሩ። አለቀልን አልኩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ከረሜላዋን ከጠርዙ ላይ በሁለት ጣት ነቀሉና የእርስዎ ሳትሆን አትቀርም ብለው ለሰዓዳ ሰጧት። ዓይናቸው እርጥብ ነው። ልጁ የልጅ ልጃቸው ነው። ከምሥራቅ በኩል፣ ከብት ከሚያረቡበት ገጠር፣ ለዚህች ሰርተፊኬት ብለው ብቻቸውን ነድተው መጥተዋል። አምና በሒሳብ ወድቆ ነበርና ከሁሉ ይበልጥ ራሱን ያሻሻለ ተማሪ ተብሎ ነው የተሸለመው።

«ለዚህ ልጅ እንዲህ የጮኸለት ሰው የለም» አሉኝ። «ታውቁታላችሁ?»

«ዛሬ አወቅነው» አልኳቸው።

ሲስተሯ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እባካችሁ ጭብጨባውን ለመጨረሻው፣ ብለው አስታወሱን። «አስታወሱን» የሚለው ቃል የጨዋ ነው፤ ያዩት እኔን ብቻ ነበር። ሃያትም ወረቀቷን ዝቅ አድርጋ አንድ ጊዜ አየችን። ያንን አስተያየት በቃል አልገልጸውም። ሦስታችንም ተቀመጥን፣ እጃችንን ታፋችን ሥር አስገባን። ሰዓዳ የቀሩትን ከረሜላዎች በሙሉ ጎረሰች። ጉንጯ አበጠ።

መጨረሻ ላይ ሲስተሯ ማይኩን ጠጋ አደረጉና፣ በዚህ ዓመት በሃይማኖት ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ የወጣችው ሃያት ናት አሉ። ጥርት አድርገው፣ «ሃ»ን ከጉሮሮ አውጥተው። ተለማምደውበታል።

በሃይማኖት! ሰዓዳና እኔ ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ሃጂ። ሃጂ እንግሊዝኛው አልገባቸውም፤ ልጅቷ ስትነሳ አይተው ፈገግ ብለዋል። ሃያት ተነሳች። ቀጭን ናት፣ ትከሻዋን ሰብሰብ አድርጋ ነው የምትሄደው። ጂሙ ጸጥ ብሏል። የጫማዋ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። እኛም ቃላችንን ጠበቅን። ለማናውቀው ጎረምሳ ሰማይ የቀደድን ሰዎች ለወለድናት ልጅ ትንፍሽ አላልንም።

ሽማግሌው ዞሩና «የእናንተ ናት?» አሉኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ሌላ አልጠየቁም። ተነሱ፣ ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱና አፏጩ። ከብት ከተራራ የሚያስመልስ ፉጨት ነው። ከተማሪዎቹ በኩል ደግሞ ዋያት ብድግ አለና አንገቱን ወደኋላ ጥሎ የሰዓዳን እልልታ ሞከረው። የታነቀ ዶሮ ነው የወጣው፤ ግን ሞከረው። አጠገቡ የነበሩት የቡድኑ ልጆች ተቀበሉት። ሃያ የታነቀ ዶሮ! ከዚያ ያ የሠለጠነ ሕዝብ ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠውን ጭብጨባ ሁሉ አንዴ ለቀቀው። ሲስተሯ ወረቀታቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ራሳቸው አጨበጨቡ። ሃያት መድረኩ ላይ ሰርተፊኬቷን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ትከሻዋ ተዘርግቶ፣ ስትስቅ አየኋት። እኛ ሦስታችን ብቻ፣ እጃችን ታፋችን ሥር፣ እንደ እስረኛ ተቀምጠናል። ሰዓዳ እንባዋ በከረሜላ በተወጠረው ጉንጯ ላይ ይወርዳል።

ስንመለስ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ መብራት ያዘን። ሃጂ ከፊት ተቀምጠዋል። ልጅቷ የተሸለመችው በምንድን ነው አሉ። እኔ ስለ መብራቱ ማውራት ጀመርኩ። ሃያት ራሷ ነገረቻቸው።

«በሃይማኖት?» አሉ ሃጂ። «ስንተኛ?»

«አንደኛ።»

«ከራሳቸው ልጆች ሁሉ?»

«አዎ ሃጂ። እርስዎ የነገሩኝን ኮ ነው የጻፍኩት። የኢብራሂምን፣ የዩሱፍን፣ የዩኑስን። ቲቸሯ ሎቭ አደረገችው።»

ሃያት ማታ ማታ ስለ ነቢያት ስትጠይቃቸው የከረመችው ለምን እንደነበር ሃጂ አሁን ገና ገባቸው። እኔ መሪውን ጨብጬ ፍርድ ስጠብቅ፣ «ታዲያ» አሉ፣ «የኔስ ሰርተፊኬት የታለ?»

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሲበርድ ሃያት መስኮቱን እያየች፣ በእንግሊዝኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው። ስሜ ሲጠራ ዝም አላችሁ አለች። ያንቺ ትእዛዝ ነው አልናት።

«አይ ኖው» አለች። «ግን… ለሁለት ሰከንድ ያህል፣ ደስ አላለኝም።»

ሰዓዳ መስኮቱን አወረደች፣ የመጨረሻዋን ከረሜላ ዋጠችና ጂሙ ውስጥ የታፈነውን ሁሉ ኮልፋክስ ላይ ለቀቀችው። ከጎናችን የነበረው ፒክአፕ አምቡላንስ መስሎት ጥግ ያዘ።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሕግ ወጥቷል። ሃያት ዝም በሉ ስትለን፣ ሰዓቴን አውጥቼ ስንት ሰከንድ እላታለሁ።